ለማካዳሚያው የተሰጠ ምርጥ መሬት

አሰላ ውስጥ ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። እስካሁን ድረስ ግን በሳምንት አንድ ሁለት ሰው ከኋላ ተቀምጦ በመስታወቱ እያየኝ፣ «አንቺ የችግኝ ጣቢያዋ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» ይለኛል። ነበርኩ እላለሁ። ወዲያው ጥያቄ ይከተላል። አቮካዶዬ አበባውን ለምን ያረግፋል፣ የሎሚዬን ቅጠል ምን ጠቀለለው። መሪ ይዤ እመልሳለሁ። ከወረደ በኋላ እንኳ የባጃጁን ጣሪያ ይዞ ቆሞ የሚያወራኝ አለ፤ ከኋላዬ ክላክስ ይጮኻል። ስለዚህ ስድስት ዓመት የሠራሁትን ሥራ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው ይባላል። እኔ ሠላሳ አልሞላኝም። ከዚያ ሥራ ግን ወጥቻለሁ፤ ተመልሼም አልገባም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስኩ፤ ነጥቤ የትም አላስገባኝም። እናቴ ልብስ ስፌት ተማሪ አለችኝ። ቁጭ ብዬ መስፋት አልችልም። ቁጭ ብዬ ምንም አልችልም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ሁሩታ በሚወስደው በኩል፣ ችግኝ ጣቢያ ሴቶች ይቀጥራል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ አፈር ስሞላ ዋልኩ። ሁለት እጅ የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ይነፋል፣ ይቀላቀላል፣ ጥቁር ላስቲክ ውስጥ ይገባል። ደመወዙ ለመንገድና ለጫማ ይበቃ ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሥራውን ያስተማረኝ ፎርማኑ ጋሽ ከድር ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁሩታ ተወልዶ ሁሩታ ያረጀ ሰው። አራት ቋንቋ ይችላል ይሉታል፤ እኔ የሰማሁት ግን ኦሮምኛና አማርኛ ሲቀላቅል ብቻ ነው። ችግኝ በግንዱ ይዞ የሚያነሳ ሰው ካየ አይጮኽም። መጥቶ የዚያን ሰው ማጅራት በሁለት ጣቱ ይይዝና «ደስ አለህ?» ይላል። ውኃ ከመጠጣቱ በፊት እያንዳንዱ መደብ በጣት ይፈተሻል፤ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ርጥበት ካገኘ ባልዲው ይመለሳል። «በጥም የሞተ ችግኝ ጥቂት ነው» ይል ነበር፤ «አብዛኛውን የገደለው የሚወደው ሰው ነው።»

ቢላዋውን በአረቄ ይጠርግ ነበር። ማዳቀል ማለት የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላው ግንድ ላይ ማጣበቅ ነው፤ ቢላዋው ቆሻሻ ከሆነ ቁስሉ ይበሰብሳል። ችግሩ ጋሽ ከድር ሰላት የማያሳልፍ ሰው ነው፤ አረቄ ቤት ሊታይ አይችልም። ስለዚህ በየወሩ አንድ ጠርሙስ የምገዛው እኔ ነበርኩ። ወሬው በሁለተኛው ወር እናቴ ጋ ደረሰ። እናቴ ሦስት ቀን አፌን አሸተተችኝ። በአራተኛው ቀን ጣቢያው ድረስ መጥታ ጋሽ ከድርን ጠየቀችው። እሱም ጠርሙሱን አውጥቶ አሳያት፤ ከሁለት ጣት በላይ አልጎደለም። «ልጅሽ ብትጠጣው ኖሮ እኔ በምን እሠራ ነበር?» አላት።

ማካዳሚያ የሚባለው የውጭ አገር ዛፍ የመጣው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ዕቅድ የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ጆንያ አስወረደና «ይኼ ወደፊታችን ነው» አለ። ስንከፍተው ቡናማ ጠጠር የመሰለ ፍሬ ነው። አንዷ ሠራተኛ በጥርሷ ሞክራ ተወችው፤ በድንጋይ ስትመታው ፍሬው ተስፈንጥሮ የአቶ ደረጀን ቢሮ መስታወት ሊሰብር ጥቂት ቀረው። ውስጡ ነጭ፣ ቅባት የበዛበት፣ ከለውዝ የሚጣፍጥ ነው። ውጭ አገር በውድ ይሸጣል አሉን። እኛ የቀመስነው ግን ያቺን አንዷን ፍሬ ነው፤ ለአምስት ተካፍለን።

ፍሬው ሁለት ቀን ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ የሚንሳፈፈው ይጣላል። የሰመጠው አሸዋ ላይ ይዘራል፣ ስፌት የመሰለው መስመሩ ወደ ጎን ሆኖ። ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንዱ በወር ይበቅላል፣ አንዳንዱ በሦስት ወር፤ አይጥ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች። እኔ በሳምንቱ አሸዋውን ጭሬ ማየት ጀመርኩ። ጋሽ ከድር እጄን ይዞ አነሳኝና የአቮካዶው መደብ ላይ አዛወረኝ። ስድስት ሳምንት ወደ ማካዳሚያው አላስጠጋኝም። ልክ ነበር።

ዛፉ ምን እንደሚወድ ቀስ በቀስ ገባን። ሙቀት ይወዳል፣ ቃጠሎ አይወድም። ዝናብ ይወዳል፣ ሥሩ ውኃ ውስጥ ከቆመ ግን ይበሰብሳል። ንፋስ ቅርንጫፉን ይሰብረዋል። ውርጭ ደግሞ ሕፃኑን ዛፍ በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ስለዚህ አሰላ አይሆንም፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ አይምረውም። ዴራ ደግሞ ይደርቅበታል። የሚሆነው መሃሉ ነው፣ ወደ ሁሩታ ያለው ተዳፋት፣ ያውም ቦታው ተመርጦ። ጋሽ ከድር «የሀብታም ልጅ ነው የላኩልን» ይል ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተት የታየው ኢተያ ላይ ነበር፤ ያኛው ግን የእኛ አልነበረም። አንድ የስንዴ ገበሬ ከግቢው ጓሮ አምስት ችግኝ ተክሎ በዓመቱ ቢጫ ሆኑበት። ሄድን። ጋሽ ከድር ከላይ ያለውን አዲሱን ቅጠል አየ፤ ቅጠሉ ቢጫ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ። ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ገለጥ ሲያደርግ እንደ ጢም የሳሱት ሥሮች ታዩ፤ መሃላቸው ገና ያልሟሟ የማዳበሪያ ጠጠር አለ። ዳፕ ሰጠህ እንዴ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ኮራ ብሎ፣ ለስንዴው ከሚሰጠው አስበልጦ መስጠቱን ነገረን። ይህ ዛፍ ደሃ አፈር የለመደ ነው፣ ዳፕ ለእሱ መርዝ ነው ሲባል ፊቱ ተለወጠ። «እኛ ኢተያዎች ሌላ ፍቅር አናውቅማ» አለ። ማዳበሪያው ቆመ፣ ግንዱን ሳይነካ ገለባ ተነጠፈለት፤ ከአምስቱ ሦስቱ በሁለት ዓመት አገገሙ።

ከጋሽ ከድር ልማዶች ሁሉ የሚበልጠው አንድ ነው። ችግኝ ሊሰጥ የሚሄድበት ቤት ሲደርስ መሬቱን ከማየቱ በፊት የቤቱን ሴት ይጠይቃል። ባልየው ቆሞ ያስጎበኘዋል፤ እሱ ግን ሴትየዋን፣ «ኅዳር ታኅሣሥ ላይ ድንችሽ የት ጋ ነው የሚቃጠለው?» ይላታል። ጓሮ የምትኮተኩተው እሷ ናት። ውርጭ የድንችን ቅጠል ቀድሞ ያጠቁረዋል። ብርድ እንደ ውኃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዝቅ ያለ ሜዳ ሲያገኝ ይተኛል፤ የት እንደሚተኛ የምታውቀው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ምርጫው ቀላል ነው።

በአምስተኛው ዓመቴ ጋሽ ከድር ጡረታ ወጣ። ቢላዋውን ለእኔ ተወልኝ። ቦታ መምረጥም በእኔ ላይ ወደቀ። የተማርኩት በቂ መስሎኝ ነበር።

አዴ ሸምሲን ያወቅኋት ያኔ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ሃምሳ ያለፋት፣ ብቻዋን የምታርስ ሴት ናት፤ ቤቷ ከሁሩታ ወረድ ብሎ ነው። ከቤቷ በታች ወንዙ ጋ የሚደርስ አንድ ሜዳ አላት፤ ጥቁር፣ ወፍራም አፈር። ዓመቱን የሚያበላት እሱ ነው። ከቤቷ በላይ ደግሞ ድንጋያማ ተዳፋት አለ፤ አህያዋን የምታስርበት። የሟች ባሏ ወንድም ኦቦ ጀማል ያንን ሜዳ ከፈለገው ቆይቷል። ሴት ብቻዋን መሬት መያዝ አትችልም፣ ለእኔ ይሰጥና ድርሻዋን ልስጣት እያለ ሽማግሌ ሲልክባት ኖሯል። አዴ ሸምሲ ዛፍ የፈለገችውም ለዚህ ነው። ዛፍ የቆመበትን መሬት ማንም ነጥቆ አያርሰውም።

ስደርስ ሜዳው ታርሶ፣ ተለስልሶ ጠበቀኝ። ገብሱን ትታለት ነው። እኔ ተዳፋቱን አየት አድርጌ ያኛውስ አልኳት። ተቆጣች፣ ለስለስ ባለ ቁጣ። «እንግዳ በር ላይ አይቀመጥም» አለችኝ። «ከሩቅ አገር የመጣ ዛፍ ነው አላችሁ። አህያ የሚታሰርበት ላይ ላቆመው?»

ይህንን የሚያደርገው የእኛ አገር ሰው ነው። ለእንግዳ ምርጡ ፍራሽ፣ ምርጡ ሥጋ፣ ምርጡ መሬት። ደስ አለኝ፤ ትንሽም አፈርኩ። አቶ ደረጀም በሳምንቱ ጎብኚ ይመጣል፣ ከመንገድ የሚታይ ቦታ ይሁን ብሎኝ ነበር፤ ሜዳው ከመንገድ ይታያል። ስለ ድንቹ አልጠየቅኋትም። ረስቼው አይደለም። ከጠየቅኋት መልሱ ምን ሊሆን እንደሚችል ጠርጥሬ ነው። ሐምሌ ላይ ሠላሳ ችግኝ ተከልን።

እስከ ኅዳር የሚያምር ነበር። ጎብኚዎቹ ፎቶ ተነሡ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጠዋት አዴ ሸምሲ በጎረቤት ስልክ ደወለችልኝ። «ነይና እዪው» ብላ ዘጋችው። ስደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ወንዙ ዳር ያለው ሣር ግን ገና ነጭ ነው። ቅጠሉ ሁሉ የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሏል። ግንዱን በጥፍሬ ፋቅ እያደረግሁ አንድ በአንድ ሄድኩ። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው፣ ቡናማ ከሆነ የለውም። ከሠላሳው አራቱ አረንጓዴ ነበሩ፤ አራቱም ሜዳው ወደ ተዳፋቱ ከፍ በሚልበት ጫፍ ላይ ያሉት። አዴ ሸምሲ ከኋላዬ ትከተለኝ ነበር። ኦቦ ጀማል ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ያይ ነበር።

ጥር ላይ አቶ ደረጀ ቢሮው ጠራኝ። ቅጹ ላይ «የጠፋበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። የእኛ ስሕተት ነው ብለን ከጻፍን የሚመጣው ዓመት ችግኝ ይታገዳል፣ ሌሎች ገበሬዎች ይጎዳሉ፣ ውርጭ ብለን ከጻፍን ደግሞ ማን እዚያ አስተከለ ይባላል አለኝ። የባለይዞታዋ እንክብካቤ ጉድለት ብንለውስ? ሴትየዋን ማን ይጠይቃታል? ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህንን ሲል ስኳር እያማሰለ ነበር። ፈረምኩ። ማንም አላስፈራራኝም። ሻይ እየጠጣን ነበር የፈረምኩት።

ወረቀቱ ግን መዝገብ ቤት አልቀረም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጂው ኦቦ ጀማል እጅ ገባ። መሬት መያዝ አትችልም ስል የኖርኩትን መንግሥት ራሱ ጻፈው እያለ ለሽማግሌዎች አሳየ። ለሽምግልና ቀን ተቆረጠ። ይህንን የነገረችኝ እዚያው ቀበሌ ያለች፣ አፈር አብራኝ የሞላች ልጅ ናት። እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ፤ የፈረምኩት እኔ መሆኔን አላወቀችም።

ጋሽ ከድር ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ መጥረቢያ እየሳለ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፣ ሜዳውን፣ ያልጠየቅሁትን ጥያቄ፣ ወረቀቱን። መሳሉን አላቆመም። የሚቆጣ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ለሴትየዋ ነግረሻታል?» አለኝ።

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ሻይ እንኳ አላለኝም። ከዚያው ወደ አዴ ሸምሲ ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ነገርኳት፤ ግቢ አላለችኝም። ቦታው ውርጭ የሚተኛበት መሆኑን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማም የእኔ ነው፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም አልኳት። ባቄላ እየፈለፈለች ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጠችው።

«ድንች እዚያ ሜዳ ላይ ተክዬ አላውቅም» አለችኝ። «ይቃጠላል። ገብስ ነው የሚችለው። አማቴም ይህንን ታውቅ ነበር፣ እኔም አውቃለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ጠየቅሽኝ?» አለች። «የተማርሽ ነሽ፣ የመንግሥት ሰው ነሽ፣ የዛፉን ነገር ታውቃለች አልኩ። እኔ የማውቀው ድንች ነው።»

ሰፌዱን መልሳ አንስታ ባቄላዋን ቀጠለች።

በማግስቱ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ችግኞቹ የጠፉት በውርጭ ነው፣ ባለይዞታዋ ውኃም ኩትኳቶም አላጎደለችም፣ ቀድሞ የፈረምኩት ሐሰት ነው። አቶ ደረጀ ሁለት ጊዜ አነበበው። ይህንን አስገብተሽ እዚህ የምትቆዪ ይመስልሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። ማኅተም አደረገበት፤ ቅጂውንም ሰጠኝ። ከመደብ የተረፉ ዘጠኝ ችግኞች አሉ፣ ለሴትየዋ ይሁኑ አለ። ስለ አቶ ደረጀ ስጠየቅ ሁለቱንም ነው የምናገረው፣ ያኛውን ወረቀትም ይኼኛውንም።

ሰኔ ላይ ኮንትራቴ አልታደሰም። በወረቀቱ ይሁን በበጀት አልነገሩኝም፤ አልጠየቅሁም። ዘጠኙ ችግኞች ግን በዚያው ሰኔ ተተክለዋል። የመጀመሪያው ጉድጓድ የተቆፈረው ግን ቀደም ብሎ፣ ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ቀን ነው፤ የምጨርሰውም በእሱ ነው።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ነበር፣ ጠዋት፣ አዴ ሸምሲ ግቢ ውስጥ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ኦቦ ጀማል፣ ሁለት ጎረቤት። ኦቦ ጀማል ወረቀቱን አውጥቶ አስነበበ። እኔ የራሴን አወጣሁ። በአማርኛ አነበብኩና በኦሮምኛ ደገምኩት፤ ኦሮምኛዬ የአሰላ ከተማ ኦሮምኛ ነው፣ አንዱ ሽማግሌ ሁለት ቦታ ላይ አረመኝ። «ሐሰት ነው» የሚለውን መስመር ሁለት ጊዜ ጀመርኩት።

ኦቦ ጀማል ዞሮ አየኝ። «ይኼንን ስትጽፊ ማን አስገደደሽ?» አለ።

«ማንም። ያንንም ስፈርም ማንም አላስገደደኝም።»

ሽማግሌዎቹ ዝቅ ባለ ድምፅ ተነጋገሩ። ትልቁ የኦቦ ጀማልን ወረቀት አጥፎ መለሰለት፤ መሬቱ እሷ ጋ ይቆይ አሉ። ሌላ የተባለ ነገር የለም። ኦቦ ጀማል ኮፍያውን አድርጎ ወጣ፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ለአዴ ሸምሲ በአንገቱ ሰላምታ ሰጣት፣ እሷም መለሰችለት። ዘመዳሞች ናቸው፣ ነገም ይገናኛሉ።

ሰዉ ሲበተን አዴ ሸምሲ አላመሰገነችኝም። ደግመሽ አንብቢው አለችኝ። ስሟ ያለበትን መስመር ጣቷን ይዤ እንዳሳያት ጠየቀችኝ፤ አሳየኋት። ከዚያ ዶማ ሰጠችኝና ዱላዋን ይዛ ወደ ተዳፋቱ ወጣች። አህያዋን ፈትታ ወደ ታች ሰደደቻት፤ ሜዳው ላይ ገብስ ልትመልስበት ነው። እኔ አንድ ጠፍጣፋ ቦታ አይቼ እዚህ ጋ አልኳት። አልፋው ሄደች። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ መሃል ቆመች፣ ወደ ወንዙ ቁልቁል አየች፣ ወደ ጭላሎ ሽቅብ አየች፣ ዱላዋን መሬቱ ላይ ተከለች።

«እዚህ» አለች።

ዶማዬን አነሳሁና ቆፈርኩ። ክንድ ያህል ስወርድ አቁሜ አየኋት።

«ጨምሪ» አለችኝ።

ጨመርኩ።